ግዝቱ ከተፈታ በኋላ

ላሊበላ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለከፋለዬ፣ ኦታዋ

እንዴት ሰነበትህ? ብርዱ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሦስት ሹራብ ደርበህ ነው የምትወጣው? እኛ ደህና ነን። ማኅሌት ትከሻዬ ላይ ደርሳለች። ቀሚሷን አስረዝሜ ሳልጨርስ ደግሞ አጠረኝ ትለኛለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ጉልበቷ እየታየ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ አንተ ታውቃለህ። ሥራው ደህና ነው። የውጭ እንግዳ እንደ ድሮው ባይመጣም የአገሬው ሱሪ መቀደዱን አላቆመም፤ እኔም መጣፌን አላቆምኩም።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ግን ስለ ማኅሌት ፈተና ስንጫወት ጥርት ብሎ የሚሰማው ስልክህ፣ ስለ ማመልከቻህ ስጠይቅህ ኔትወርኩ ይጠፋበታል። ደብዳቤ ኔትወርክ አይጠፋበትም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቅ። ግዝቱ ተፈትቷል። የገዘቱን መምሬ ደባሱ ራሳቸው፣ በዚያው በድሮው መስቀላቸው ፈተውታል። አንተንም፣ እኔንም፣ አረጋንም፣ ሚስቱን አልጣሽንም ፈተውናል። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ አታማትብ፤ ወረቀቱንም አጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው።

ማኅሌት ሳትወለድ ገነተ ማርያም ላይ ከአረጋ ጋር በድንበር ተጣላችሁ። ድንጋይ ስትጠርብ ስለነበር መዶሻው በእጅህ ነበርና በሱ መታኸው። ግራ እጁ ተሰበረ። ፖሊስ ወሰደህና ታሰርክ፤ እኔም ስንቅ ሳመላልስ ከረምኩ። ሽማግሌ ገባ፣ አረጋ ይቅር አለ፣ መዝገቡ በእርቅ ተዘጋ። ያን ዕለት መምሬ ደባሱ መስቀላቸውን አንስተው ይህን ነገር ከእንግዲህ በአፉ ያነሳ፣ ለሰው የነገረ፣ ውግዝ ይሁን አሉን። ማኅሌት ስትወለድ አልጣሽ ክርስትና አነሳቻትና ከአረጋ ቤት ጋር አበልጅ ሆንን። ይኸው ጻፍኩት። ጣራው አልወደቀብኝም።

አንተ ግን ይህን ግዝት ይዘህ ባሕር ተሻገርክ። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ ቅጹ «ታስረህ ታውቃለህ?» ሲልህ «የለም» ብለህ ሞላህ። ከዚህ የሄደው የፖሊስ ማስረጃ ደግሞ ታስሮ ነበር፣ በእርቅ ተለቀቀ ይላል። ሁለቱ አልገጠሙም። እኛ ይህን ሳናውቅ «ማጣራት ላይ ነው» የሚለውን መልስ ይዘን ዓመቱን በዓመት ላይ ስንደርብ ኖርን። ካንተ በኋላ ያመለከቱት ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ወሰዱ። አንተ ፋይሉ ሳይዘጋ ከወጣህ መመለስህ ያሰጋል ስለተባልክ መጥተህ እንኳ ልታየን አልቻልክም። የያዝካት ጠበቃ ነገሩን ደርሳበት «አስረዳ፣ አለዚያ ይከለክሉሃል» ስትልህ ለኔ ያልከኝ ይህ ነው፦ «ግዝት አለብኝ። ይመልሱኝ እንጂ አልናገርም።» ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ።

ጠበቃዋ ለምና ያስረዘመችው ቀን ፋሲካ ሳይደርስ ያልቃል። እልኸኛ መሆንህን አውቄ ነው ያገባሁህ። አንተ ግን የኔን እልህ ሳትለካ ያገባኸኝ ይመስለኛል።

ጥምቀት እንዳለፈ ማሽኔን ሸፍኜ ኩልመስክ ወረድኩ። መምሬ ደባሱ ዓይናቸው ስለደከመ አሁን የሚኖሩት እዚያ ልጃቸው ቤት ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የተከፈተበትን ቀን ጠብቄ ነው የሄድኩት። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ማን ነሽ?» አሉኝ።

«ንጋት ነኝ አባቴ፣ የከፋለ ሚስት። የድንጋይ ጠራቢው።»

«እሰይ! ነይ ተሳለሚ። አለ እሱ?»

«አለ። አባቴ፣ የማይነሳ ነገር ላነሳ መጥቼ ነበር።»

«የማይነሳ ከሆነ አታንሺው።»

«ካላነሳሁት ደግሞ አይፈታም።»

ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። «በይ እኔ ላንሳው፤ አንቺ አዎ ብቻ በይ» አሉና አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር። የእጁ ነገር ነው? አዎ። ከፋለ ባለበት አገር ተጠየቀ? አዎ። ዝም አለ? እዚህ ላይ አዎ ማለት አቃተኝ።

«ዝም አላለም አባቴ። የለም ብሎ ጻፈ።»

መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ደለቁት። «እኔ ዝም በሉ አልኩ እንጂ ካዱ መቼ አልኩ! ሲጠይቁት መናገር አልችልም ቢል ግዝቱን ጠበቀ እለው ነበር። የለም ሲል ግን የዚያን ሰው እጅ ሁለተኛ ሰበረው።»

ከፋለ፣ ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ላንተ አዝኜም፣ ባንተ ተናድጄም ነው። እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለህ። እኔም አውቀዋለሁ።

ፍቱልን ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልፈቱም። «ያሰርኩት እኔ ብሆንም ያሰርኩት ለአረጋ ቤት ሰላም ነው። አረጋ ራሱ መጥቶ ፍቱልኝ ይበለኝ። ልጁም ይስማ። ልጁ ሳይሰማ ብፈታው ወሬው በሌላ አፍ ይደርሰውና ደም ይሆናል» አሉኝ። መርቀው ሸኙኝ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ልጁ ማለት ሙሉሃብት ነው። አንተ ስትሄድ ፂም እንኳ አላበቀለም ነበር፤ አሁን አባቱን በቁመት በልጦታል። እጁ በተሰበረ ጊዜ ሕፃን ስለነበር ድንጋይ ወደቀበት ብለው ነገሩት። እስከዚያ ቀን ድረስም ድንጋይ ወደቀበት እንዳለ ነበር።

ገነተ ማርያም ስደርስ አልጣሽ ከአውድማው ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። እኔ እንዳላነሳው የተገዘትኩ፣ እሷም እንዳትሰማው የተገዘተች፤ እንግዲህ እንዴት እንደምጀምር አስበው።

«አበልጄ፣ ስለ ያ ነገር ነበር የመጣሁት።»

«የቱ ነገር?»

«ያ… የከፋለ ነገር።»

ሰፌዱን ጣለችው። «አገባ እንዴ?!»

«ኧረ ወዲያ! አላገባም።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን አላገባም። ያ ነገር ነው የምልሽ፤ ያ ድሮ… መምሬ ደባሱ…»

ገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። ባሌ ያገባብኝ መስሏት የደነገጠችውን ያህል በግዝቱ አልደነገጠችም። አረጋ ከእርሻ ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። የመምሬ ደባሱን መልእክት በዙሪያ ጥምጥም አድርጌ ነገርኩት።

«ንጋት» አለኝ፣ «እኔ ከከፋለ ጋር ጨርሻለሁ። ልጄ ግን አልጀመረም። ዛሬ ቢሰማው ከፋለ ባሕር ማዶ ነው። አንቺና ማኅሌት ግን ቅርብ ናችሁ።»

አየህ፣ የፈራው ለራሱ አልነበረም። የፈራው ለኛ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ፤ እምቢ አለ። ከዚያም ሄድኩ፤ ሊያየኝ አልፈለገምና ከብት ልፈልግ ብሎ ወጣ። ከብቶቹ ግን በረት ውስጥ ነበሩ። እኔም በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ይዤው የሄድኩትን ልብስ ስጠቅም ዋልኩ። ማታ ሲመለስ «አንቺ ሰው አይደለሽም» አለኝና ገባ። ያን ጊዜ አልጣሽ ተነሳች።

«ማኅሌት ከክርስትናው ውኃ የወጣችው በኔ እጅ ነው። አባቷን እንድታይ እጄን ካልዘረጋሁ ምኑን ክርስትና እናቷ ሆንኩ?» አለችው። «ልጅህን ካመንከው ንገረው። ካላመንከው ደግሞ ያሳደግነው እኛ ነን።»

አረጋ እራቱን ሳይቀምስ አንገቱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነበር።

ጾሙ ሳይገባ አራታችን ኩልመስክ ሄድን፤ አረጋ፣ አልጣሽ፣ ሙሉሃብትና እኔ። ሙሉሃብት መምሬ ደባሱን ልንጠይቅ የምንሄድ መስሎት መንገዱን ሙሉ ይቀልድ ነበር። ደርሰን ከተሳለምን በኋላ አረጋ ያችን የማትዘረጋ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት።

«ልጄ፣ ይህ እጅ ድንጋይ አልወደቀበትም» አለው።

ሌላውን እንዴት እንደነገረው አልጽፍልህም። አላሳነሰውም፣ አላጋነነውምም። ድንበሩን ማን እንደገፋ እንኳ ሲናገር «እኔም ገፍቼ ነበር» አለ። ልጁ አባቱን አላየም፤ የሚያየው እጁን ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ከፋለ? የማኅሌት አባት? መሮ አያያዝ ያስተማረኝ?»

«እሱ ነው።»

ተነስቶ ወጣ። አልጣሽ ልትከተለው ስትል መምሬ ደባሱ «ተይው፣ ይሂድ» አሉ። ከዚያ አረጋ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ፍቱልኝ አለ፤ እሳቸውም ሁላችንንም በየስማችን እየጠሩ፣ አንተንም በክርስትና ስምህ ጠርተው እግዚአብሔር ይፍታችሁ አሉ። ስንመለስ መኪናው ላይ የሙሉሃብት ቦታ ባዶ ነበር።

ቤቱ አልመጣም። አጎቱ ዘንድ እንዳለ ሰማን፤ ከዚያ በቀር የሰማነው የለም። እነዚያን ቀናት ማኅሌትን ትምህርት ቤት ራሴ እያደረስኩ ራሴ እመልሳት ነበር። «እማዬ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ዳር አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው። ምን አለችኝ መሰለህ? «አባዬ ይቅርታ ብሎታል?» አለችኝ። ብሎታል አልኳት። «ለሙሉሃብትስ?» አለችኝ። ልጅህ ካንተም ከኔም ፈጥና ነገሩ የተያዘበትን ቦታ አየችው።

ባለፈው ሰኞ አረጋ ቃሉን በጽሑፍ ሊሰጥ እዚህ ላሊበላ ሰነድ ማጽደቂያ ቢሮ መጣ። አዳም፣ አስጎብኚው ጓደኛህ፣ በእንግሊዝኛ ሊተረጉመው አብሮን ነበር። አዳም ተርጓሚ ስለሆነ፣ አልጣሽም ሚስቱ ስለሆነች ሌላ ምስክር አምጡ ተብለን ነበር። ይመጣል ያልነው ሽማግሌ ታመመና ቀረ። የቢሮው ጸሐፊ ወጣት ነው፣ ቸኩሏል።

«ተበዳይ የተባለው ሰው በሕይወት አለ?» አለ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

«አለ» አለው አረጋ።

«የት ነው ያለው?»

«ፊትህ።»

አሁን ቀና አለ። እጁን አየ፤ ፊቱን አየ። «ታዲያ ለማን ልትመሰክር ነው የመጣኸው?»

«ላበልጄ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ መቸኮሉን ተወው፤ አረጋ የተናገረውን ቃል በቃል እያነበበ፣ እያስተካከለ ጻፈ። ሲጨርስ ግን «ምስክር ከሌለ አላጸድቅም» አለ፤ ሕጉ ነውና አልፈረድኩበትም። ነገ ሌላ ሰው እናምጣ፣ ማንን እናምጣ እያልን ስንወጣ ስንገባ ሙሉሃብት በሩ ላይ ቆሟል።

ከፋለ፣ ከአረጋና ከሱ መሃል ገባሁ፤ ለምን እንደገባሁ ራሴም አላውቅም። እሱ ግን በጎኔ አለፈና መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ እፈርማለሁ» አለ።

ጸሐፊው የልደት ዘመኑን አየና «ያኔ ሕፃን ነበርክ። ምን አይተህ ትመሰክራለህ?» አለው።

«ጠቡን አላየሁም። እርቁን ነው ያየሁት» አለ። «በሬ ስንጠምድ የቀንበሩን ጠፍር፣ ምራኑን፣ የማጠብቀው እኔ ነኝ፣ የአባቴ እጅ ስለማይጨብጥ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጠብቅ ኖሬ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ከፋለ እስኪሄድ ድረስ በየፋሲካው ቤታችን ይገባ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ፊቱን ሲያጠቁርበት አላየሁም። ይህን ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው ጻፈው። ሙሉሃብት ፈረመ። አረጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስንወጣ ሙሉሃብት ለብቻዬ ጠራኝ። «እትዬ ንጋት፣ የፈረምኩት ለአባቴ ብዬ ነው። ለሱ ገና ነኝ» አለኝ። «ወረቀቱን ሲያገኝ ይምጣ። ግን መጀመሪያ የሚገባው እናንተ ቤት አይደለም፣ እኛ ቤት ነው። ከአባቴ ሰምቻለሁ፤ ከሱ አፍ ደግሞ ልስማ።» ፊቱን አየሁት። ቁጣ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ብትለኝ አላውቅም። አነበብኩት ብል እዋሽሃለሁ። ብቻ እሺ አልኩት፤ ባንተ ስም።

አሁን ያንተ ሥራ ነው። የአረጋ ቃል፣ የሙሉሃብት ምስክርነት፣ መምሬ ደባሱ ለልጃቸው ያስጻፉት ቃልና የአዳም ትርጉም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ይታሸጋሉ። አዳም አዲስ አበባ ሲሄድ በፈጣን መልእክት ይልከዋል። ሲደርስህ ለጠበቃዋ ስጥና ከጎኑ በገዛ እጅህ ጻፍ። ታስሬ ነበር በል። ሰው መትቼ ነው በል። የለም ያልኩት ስለ ግዝቱ ነው፣ ተሳስቼአለሁ በል። እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር እንዳትል፤ ገብቶሃል። ረስቼው ነው እንዳትል፤ አንድ ቀን አልረሳኸውም፤ በእንቅልፍህ ስትናገረው እሰማህ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ይፈቅዱልህ ይከለክሉህ አላውቅም። ዋሽተሃል ብለው ሊመልሱህም ይችላሉ፤ እሱንም አስቤ ነው። ከመለሱህ መሮዎችህን ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፣ ዝገት አልነካቸውም። የላስታ ድንጋይም አላለቀም። እያበላሁ አኖርሃለሁ፤ ሱሪህንም በነፃ እጥፍልሃለሁ። «የለም» በሚል ቃል ላይ ተቀምጠን ግን እኔም ማኅሌትም ኦታዋ አንመጣም። ይህን የምልህ ተናድጄ አይደለም። ቆርጬ ነው።

ከፈቀዱልህ ደግሞ ሻንጣ አዘጋጁ እንዳትለን። እኛ ወዳንተ ከመምጣታችን በፊት አንተ ትመጣለህ። ነጭ ሸሚዝ ሰፍቼልሃለሁ፣ በድሮው ልክህ። ካልበቃህ አትንገረኝ፤ ስትመጣ ቁጭ አድርጌ እለካሃለሁ።

መምሬ ደባሱ «ተፈትተሃል በይው፤ አሁን መናገር ግዴታው ነው» ብለውሃል። አልጣሽ ሰላም ብላሃለች፤ ባለማግባትህም ደስ ብሏታል። ስጨርስ የደብዳቤውን ፖስታ በዚያች እጁ ደግፎ፣ በሌላው ሙጫውን ተጭኖ የሚያሽገው አረጋ ነው።

ይህን ሁሉ የላስታ ተራራ ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ አንተንም ያቁምህ። አፍህን ይክፈትልህ፤ መንገድህን ይክፈትልህ።

ስትመጣ እኛን ፍለጋ ወደ ቤት እንዳትሄድ። ተቆልፎ ነው የምታገኘው። እኔና ማኅሌት አረጋ ደጅ ላይ ነን።

ያንተው
ንጋት